በሰውነት ውስጥ የሚሠራ ካር-ቲ ለሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር)፦ ፌዝ 1 (የመጀመሪያው የሰው ሙከራ) ላይ «ዶዝ» የምንለው ምኑን ነው?

ነጭ_ሴል (ክር ከፋች)

ሰሞኑን «ካር-ቲ እንደ ማንኛውም መድኃኒት በደም ሥር ሊሰጥ ነው፣ ፋብሪካው ቀረ» የሚል ወሬ በየቦታው ይዞራል። ፋብሪካው አልቀረም፤ ወደ ታካሚው ገላ ገባ እንጂ። የፌዝ 1 ፕሮቶኮል የሚያነብ ወይም የሚጽፍ ሰው ይህን ካልያዘ የቀረው ሁሉ ይምታታበታል።

የለመድነውን አካሄድ በአጭሩ ላስታውስ። የታካሚው ነጭ የደም ሴል በአፌሬሲስ (ደሙን በማሽን አሳልፎ በመለየት) ይወሰዳል፣ ፋብሪካ ይላካል፣ ቲ-ሴሉ ላይ በሌንቲቫይረስ ወይም በሬትሮቫይረስ ቬክተር (ጂን ተሸካሚ እንዲሆን የተሠራ ቫይረስ) ካር፣ ማለትም ካንሰሩን የሚለይ ሰው ሠራሽ ተቀባይ፣ ይጫንበታል፣ ይራባል፣ በቅዝቃዜ ይመለሳል። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል፤ ፈጣን ሊምፎማ ደግሞ ይህን ያህል አይታገሥም። ከመሰጠቱ በፊት ሊምፎሳይት ማሳሻ ኬሞ አለ፦ የስካርታ ለሚባለው የተፈቀደ ካር-ቲ ፍሉዳራቢን 30 ሚ.ግ. እና ሳይክሎፎስፋማይድ 500 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር፣ ለ3 ቀን። ከዚያ በኪሎ 2 ሚሊዮን ካር-ቲ ሴል፣ ቢበዛ 200 ሚሊዮን ይሰጣል። ሴሉ ተቆጥሮ፣ በሕይወት መኖሩ ተረጋግጦ፣ ንጽሕናው ታይቶ ነው የሚሰቀለው።

በአዲሱ መንገድ የሚሰቀለው ቬክተሩ ብቻ ነው። ለሊምፎማ ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት መካከል የኢንተሪየስ አይኤንቲ2104 አለ፤ ኢንቫይዝ በተባለው ሙከራ የመጀመሪያው ታካሚ አውስትራሊያ ውስጥ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወሰደ። ሌንቲቫይረስ ነው፣ ሲዲ7 የሚባል የገጽ ምልክት ያለባቸውን ቲ-ሴልና ኤንኬ ሴል ይፈልጋል፣ የሚጭንባቸው ካር ደግሞ ቢ-ሴል ላይ ያለውን ሲዲ20ን ያነጣጥራል። ኢንተሪየስን ካይት የተባለ ኩባንያ በነሐሴ 2025 በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሌላው የኡሞጃ ዩቢ-ቪቪ111 ነው፤ ኢንቪክታ-1 በሚባለው ሙከራ ለትልቅ ቢ-ሴል ሊምፎማና ለሲኤልኤል (ቀስ የሚል የቢ-ሴል ሉኪሚያ) የታሰበ፣ ካሩ ሲዲ19ን የሚይዝ። የቬክተሩ ገጽ ላይ ሲዲ3ን የሚይዝ ክፍል ከሲዲ80 እና ከሲዲ58 ጋር ስላለበት ቲ-ሴሉን ሲነካው እዚያው ያነቃዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በእነዚህ ሙከራዎች ዶዙ የቬክተር መጠን ነው። ሊምፎማውን የሚገድለው ግን ቬክተሩ ሳይሆን በኋላ የሚፈጠረው ሴል ነው፤ ስንት እንደሚፈጠር ደግሞ ሲሰቀል ማንም አያውቅም።

በቁጥር እንየው፤ የምሳሌ ስሌት ነው። ብዙ መስመር ኬሞ ያለፈበት ታካሚ ሊምፎሳይቱ በማይክሮሊትር 300 ነው እንበል። በ5 ሊትር ደም 1.5 ቢሊዮን ሊምፎሳይት ይሆናል፤ ከዚያ ቲ-ሴሉ 1 ቢሊዮን ገደማ። ቬክተሩ ከሺህ አንዱን ቢያገኝ 1 ሚሊዮን ካር-ቲ ተፈጠረ። ሊምፎሳይቱ 1,500 የሆነ ሌላ ታካሚ በዚያው ስሌት 5 ሚሊዮን ያገኛል። ያው ጠርሙስ፣ ያው ዶዝ፣ 5 እጥፍ ልዩነት። የመጀመሪያው ታካሚ 200 ሚሊዮን ለመድረስ ሴሎቹ ከ7 እስከ 8 ጊዜ እጥፍ መሆን አለባቸው። ለዚህ ነው ጫፉ፣ ማለትም ካር-ቲው እጅግ የሚበዛበት ቀን፣ የሚዘገየው፤ የሳይቶካይን ማዕበሉም (የነቁ ሴሎች የሚለቁት የምልክት ኬሚካል ጎርፍ) አብሮት።

ስለዚህ ዶዝ እያሳደግን ስንሄድ በትክክል የምናሳድገው ምኑን ነው? የሠራችሁበት ጻፉ።

---

ቬክተር_ቀማሚ

ጥያቄው ከዚያም ወዲያ ይሄዳል፤ የቬክተሩ መጠን ራሱ አንድ ቁጥር አይደለምና።

የሌንቲቫይረስ ዶዝ የሚጻፈው በትራንስዳክሽን ዩኒት ነው፦ በአንድ የታወቀ የሴል መስመር ላይ ስንት ሴል ውስጥ እንደገባ። አንዱ ላብራቶሪ ከሌላው የተለየ የሴል መስመር፣ የሴል ብዛት ወይም የመለኪያ ቀን ከተጠቀመ ያው ጠርሙስ ሁለት ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ የሁለት ኩባንያ ዶዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ ከዚያ 3 እጥፍ ይበልጣል» ማለት ውኃ አይቋጥርም።

ሁለተኛው መለኪያ የቅንጣት ብዛት ነው። ፒ24 በሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ይገመታል፤ 1 ናኖግራም ፒ24 ወደ 12 ሚሊዮን ቅንጣት ይጠጋል። ከ100 እስከ 1,000 ቅንጣት መካከል ሴል ውስጥ በትክክል ገብቶ የሚሠራው አንድ ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው። የቀረው ባዶ፣ የተሰበረ ወይም አቅም ያጣ ነው፤ ሆኖም ፕሮቲኑን ተሸክሞ ደም ውስጥ ይገባል። የበሽታ መከላከያው የሚቆጣው በዚህ ጠቅላላ ጭነት ነው።

ውጤቱን ልብ በሉ፦ ሁለት ባች እኩል 1 ቢሊዮን ዩኒት ተብለው ቢጻፉ፣ አንዱ 100 ለ1 ሌላው 500 ለ1 ከሆነ፣ ሁለተኛው 5 እጥፍ ፕሮቲን ይሰጣል። ታካሚው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢንቀጠቀጥና ግፊቱ ቢወርድ «ዶዙ በዛ» ይባላል፤ ዶዙ ግን አልተነካም። የባች ሰርተፊኬት ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህን ምጣኔ ነው። ቀጥሎ የተረፈ ፕላዝሚድ (ቬክተሩን ለማምረት ያገለገለ ክብ ዲኤንኤ)፣ ከአምራች ሴል የቀረ ዲኤንኤና ፕሮቲን፣ ኢንዶቶክሲን።

አያያዙ ላይ ደግሞ ፋርማሲው መጠንቀቅ አለበት። ከዜሮ በታች 65 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፣ አንዴ ከቀለጠ አይመለስም። ቀልጦ ሲቆይ አቅሙ በሰዓታት ይወርዳል፤ ፕላስቲክ ላይም ይጣበቃል። ማቅጠኛውና የማንጠባጠቢያ መስመሩ ዓይነት በፋርማሲ መመሪያው ከተጻፈው ውጭ አይሁን። መስመሩ ላይ በልማድ ፊልተር የሚያስገባ ክፍል አለ፤ ቅንጣቱ 100 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠባብ ፊልተር የተወሰነውን ያስቀራል። ታካሚው የወረቀቱን ዶዝ ወሰደ ተብሎ ይመዘገባል፣ ገላው የገባው ግን ሌላ ነው።

---

ቀመር_ወዳድ

ከስታቲስቲክስ በኩል ልመልስ። ዶዝ ማሳደጉ የሚለካው በቬክተሩ መጠን ነው፤ ሌላ የምናዘው ነገር የለምና። ግን ውሳኔው በጎጂ ምልክት ብቻ ከተሠራ ተሳስተናል።

3+3 የሚባለው የድሮው ዶዝ ማሳደጊያ ንድፍ የታወቀ ነው፦ ከ3 ታካሚ ማንም ካልተጎዳ ወደ ላይ፣ አንዱ ከተጎዳ 3 ይጨመር፣ 2 ከተጎዱ ቁም። ቦይን ንድፍ የሚጠቀሙም ብዙ ናቸው፤ የጉዳት ግቡ 0.30 ከሆነ የታየው ምጣኔ 0.236 ወይም በታች ሲሆን ይጨመራል፣ 0.358 ወይም በላይ ሲሆን ይቀነሳል። ሁለቱም «ዶዝ ሲጨምር ጉዳትም ይጨምራል» ብለው ይነሳሉ። እዚህ ግን አንድ ታካሚ በዝቅተኛው ዶዝ ሴሉ እጅግ ሊራባ፣ ሌላው በከፍተኛው ዶዝ ምንም ላይፈጠርለት ይችላል። 3 ታካሚ ያለ ጉዳት አለፈ ማለት ዶዙ ደኅና ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቬክተሩ ዒላማውን ስቶ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ላይ ከመውጣት በፊት የካር-ቲ መፈጠር በደም መታየቱ የውሳኔው አካል ይሁን።

የታካሚዎች ክፍተትም አለ። የመጀመሪያው ታካሚና ሁለተኛው መካከል በ14 ቀን የሚረካ ፕሮቶኮል ለተለመደ መድኃኒት ይሆናል። ጫፉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሊመጣ ለሚችል ነገር በመጀመሪያው እርከን 28 ቀን እጠይቃለሁ። የጉዳት መቁጠሪያው መስኮትም ከ28 ቀን አይነስ።

---

ቡና_ደገመ

እስካሁን ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ላቀዝቅዝ። ብዙ ሰው ተስፋውን የሚሰቅለው በ2025 ላንሴት ላይ በወጣው የኢሶባዮቴክ ኢሶ-ቲ01 ጽሑፍ ነው። ያ ማይሎማ (የመቅኔ ካንሰር) ነው፣ ዒላማው ቢሲኤምኤ የሚባል ሌላ ምልክት ነው፣ ታካሚዎቹ 4 ናቸው። አፌሬሲስም ማሳሻ ኬሞም ሳይኖር ካር-ቲ ገላ ውስጥ መፈጠሩን አሳየ፤ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ተነስቶ «ሊምፎማም ይድናል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የማይሎማ ሴል መቅኔ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ የሊምፎማ እብጠት ግን 8 ወይም 10 ሴንቲሜትር ሆኖ፣ መሃሉ ኦክስጅን አጥሮት፣ ዙሪያው በሚያዳክሙ ሴሎች ተከብቦ ሊቀመጥ ይችላል።

ማነጻጸሪያውም ከፍ ያለ ነው። የየስካርታ ዙማ-1 ሙከራ 101 ታካሚ ይዞ ከግማሽ በላዩ ሙሉ ምላሽ አግኝቷል፣ ከ5 ዓመት በኋላም 43 በመቶ ገደማ በሕይወት ነበሩ። «ርካሽና ፈጣን ነው» ብሎ ከዚህ በታች የሆነ ነገር ለሊምፎማ ታካሚ ማቅረብ አይቻልም። የገበያው ግርግር ደግሞ ሌላ ነው፤ አስትራዜኔካ ኢሶባዮቴክን፣ አብቪ ካፕስታንን በ2025 ገዙ። የግዢ ዜና የሕክምና ማስረጃ አይደለም።

ማሳሻ ኬሞው መቅረቱም በነጻ አልመጣም። ያ ኬሞ ቦታ ብቻ አይደለም የሚያጸዳው፤ አይኤል-7 እና አይኤል-15 የሚባሉት የቲ-ሴል ዕድገት ምልክቶች እንዲበዙ ያደርጋል፣ አዲሱ ሴል የሚመገበው ያን ነው። ነባሩ ሳይሳሳ የገባ ሴል ከነባሩ ጋር ይሻማል።

---

ነጭ_ሴል

ቡና ደገመ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። የኬሞው ነገር ላይ ግን ሁለት ልጨምር። በሰውነት ውስጥ ለሚሠራው ቬክተር ቲ-ሴሉን አስቀድሞ ማሳሳት ዒላማውን ራሱን ማጥፋት ነው፤ የሚጫንበት ከሌለ ምን ይጭናል? ለዚህ ነው የምግቡን ችግር በሌላ መንገድ ለመፍታት የሚሞከረው። የኡሞጃው ቬክተር ከካሩ ጋር በራፓማይሲን የሚነቃ የሳይቶካይን ተቀባይ ይጭናል፤ ራፓማይሲን ሲሰጥ ካር ያለበት ሴል ብቻ የዕድገት ምልክት ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ኬሞ አለመኖሩ ቬክተሩን ለጤነኛ የበሽታ መከላከያ አሳልፎ ይሰጠዋል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በቬክተሩ ገጽ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይፈጠራል። ስለዚህ «ካልሠራ እንደግመዋለን» የሚል ዕቅድ በሌንቲቫይረስ ላይ በቀላሉ አይጻፍ፤ ሁለተኛው ዶዝ ቲ-ሴል ሳይደርስ ሊመከን ይችላል። ሪቱክሲማብ (ሲዲ20ን የሚይዝ የሊምፎማ መድኃኒት) ቢ-ሴላቸውን የጠረገላቸው የሊምፎማ ታካሚዎች አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት ይደክማሉ፤ ይህ የሚጠቅመው ሲኖር ነው፣ ሊተማመኑበት ግን አይገባም።

---

የሌሊት_ተረኛ

እኔ ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው ልጻፍ። እዚህ ሁለት ዓይነት ትኩሳት አለ፤ መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመጣው ነው፦ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ግፊት መውረድ። ካር-ቲ ሴል ገና አልተፈጠረም፤ ይህ ለቬክተሩ ፕሮቲን የሚሰጥ ምላሽ ነው። ፓራሲታሞልና ፀረ አለርጂ ቀድሞ ይሰጣል፣ ማንጠባጠቢያው ቀስ ይላል ወይም ይቆማል፣ ፈሳሽ ይሰጣል። ስቴሮይድን በልማድ ቀድሞ መስጠት ብዙ ፕሮቶኮል የማይወደው ቲ-ሴሉ ገና ሊነቃ ባለበት ሰዓት ስለሚያዳክመው ነው። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን አያመነታም፣ ይሰጣል።

ሁለተኛው ሴሉ ሲራባ የሚመጣው የሳይቶካይን ማዕበል ነው። በየስካርታ ከ2 ቀን ገደማ ጀምሮ እናየዋለን፤ እዚህ ግን ነጭ ሴል እንዳለው ዘግይቶ ይመጣል። ታካሚው «ደኅና ነኝ» ብሎ ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚነሳ ትኩሳት ነው ማለት ነው። የክብደት ደረጃው ያው በ2019 የወጣው ነው፦ 38 ዲግሪና በላይ ትኩሳት ብቻ ከሆነ 1፤ ግፊት በፈሳሽ የሚመለስ ወይም በአፍንጫ ዝቅተኛ ኦክስጅን የሚበቃው 2፤ አንድ የግፊት ማንሻ መድኃኒት ወይም ከፍተኛ ኦክስጅን ያስፈለገው 3፤ ብዙ የግፊት ማንሻ ወይም በግፊት የሚሰጥ የትንፋሽ ድጋፍ 4። የአይኤል-6 ተቀባይን የሚዘጋው ቶሲሊዙማብ በኪሎ 8 ሚ.ግ.፣ ቢበዛ 800። በሽተኛው ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይኑር፤ «ይታዘዛል» አይበቃም።

ሰው የሚሳሳትበት፦ ቶሲሊዙማብ ከተሰጠ በኋላ ደም ውስጥ ያለው አይኤል-6 (አንዱ ሳይቶካይን) ከፍ ይላል፣ ሲአርፒ (የብግነት መለኪያ) ደግሞ ይወርዳል። ተቀባዩ ስለተዘጋ ነው እንጂ በሽታው ስለባሰ ወይም ስለዳነ አይደለም። ከዚያ በኋላ ፌሪቲንን፣ ግፊትንና ሽንትን ተከተሉ። ፌሪቲን በፍጥነት ሲሰቅል ከፕሌትሌትና ከፋይብሪኖጅን መውረድ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

ለነርቭ ጉዳቱ በ10 ነጥብ የሚለካውን የአይስ ፈተና በየፈረቃው አንድ ዓረፍተ ነገር በእጅ እያስጻፋችሁ አድርጉ። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ከሆነ በአማርኛ ያስጽፉት፤ በማይችለው ቋንቋ ያልጻፈውን ሰው «ግራ ተጋብቷል» ብሎ ነጥብ መቀነስ ያለ ነገር ነው። ከመርፌው በፊት የጻፈው ወረቀት መነሻ ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ።

ኬሞ ስለሌለ አንድ ጥቅም አለ፦ ኒውትሮፊሉ ስላልወደቀ ትኩሳቱ ኢንፌክሽን የመሆን ዕድሉ ከተለመደው ካር-ቲ ያንሳል። ቢሆንም የደም ካልቸር ይወሰዳል።

---

ፍሎው_ክፍል

ላብራቶሪውን እኔ ልያዘው፤ ከዚህ ሁሉ የሚበላሸው ናሙና ነውና።

ቬክተሩን በፒሲአር ለመቁጠር ደሙ ኢዲቲኤ ባለው ቱቦ ይወሰድ። ሄፓሪን ፒሲአርን ያግዳል፤ «አልተገኘም» የሚል ውሸት ይወጣችኋል። ቀኖቹ ከመርፌው በፊት፣ 1፣ 3፣ 7፣ 10፣ 14፣ 21፣ 28፣ ከዚያ 2ኛና 3ኛ ወር ቢሆኑ ጫፉ አያመልጥም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ውጤት ግን አትመኑት። ሦስት ነገር ያታልላል፦ ከቬክተሩ ጋር የመጣ የተረፈ ፕላዝሚድ፣ ሴል ውስጥ ገብቶ ከክሮሞሶም ጋር ያልተዋሐደ ዲኤንኤ፣ እንዲሁም በቬክተሩ ልባስ ላይ ተለጥፎ የመጣ የካር ፕሮቲን። ፍሎው (ሴሎችን አንድ በአንድ በገጽ ምልክታቸው የሚለይ መሣሪያ) ላይ «ካር አለው» የሚመስል ሴል ጂኑን ሳይቀበል ሊሆን ይችላል። በ1ኛና በ3ኛው ቀን የታየው ከጠፋና በ10ኛው ቀን ዳግም ከተነሳ፣ ሁለተኛው ነው እውነተኛው።

ማነጻጸር ላይም ወጥመድ አለ። 1 ማይክሮግራም ዲኤንኤ ወደ 150,000 ሴል ነው። በተለመደው ካር-ቲ የታካሚው ሊምፎሳይት በኬሞ ስለሳሳ ካር-ቲው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ትልቅ በመቶኛ ይይዛል። እዚህ ነባሩ ሊምፎሳይት ሙሉ ስለሆነ ያው የካር-ቲ ብዛት በመቶኛ ትንሽ ይመስላል። በመቶኛም በማይክሮግራምም ብቻ አታወዳድሩ፤ በማይክሮሊትር ደም ስንት ካር-ቲ ሴል እንዳለ አስሉ። 0.01 በመቶ ለማየት 500,000 ሴል ብታነቡ 50 ብቻ ነው የምታገኙት፤ ከዚያ በታች ያነበበ ሰው ስለ ጫጫታ ነው የሚያወራው።

የቢ-ሴል መጥፋት በሉፐስ (የበሽታ መከላከያው የገዛ አካልን የሚያጠቃበት ሕመም) ታካሚ ላይ ግሩም ምልክት ነው። በሊምፎማ ግን ታካሚው አስቀድሞ ሪቱክሲማብ ወስዶ ቢ-ሴሉ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ ከነበረ ዜሮ ሆነ ማለት ምንም አይነግርም። ካሩ ሲዲ20ን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ ለወራት ደም ውስጥ የሚቆይ ሪቱክሲማብ ሲዲ20ን ይሸፍነዋል። መመርመሪያውም ሊያየው አይችልም፣ ካሩም ቦታውን ሊሻማበት ይችላል። የመጨረሻው የሪቱክሲማብ ቀን ናሙና ወረቀቱ ላይ ይጻፍልን።

---

ቬክተር_ቀማሚ

ፍሎው ክፍል የነካው ወደ ከባዱ ነገር ያመጣናል፦ ቬክተሩ የሊምፎማውን ሴል ራሱን ቢያገኘውስ?

ይህ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። በ2018 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ አለ፤ በተለመደው ካር-ቲ ዝግጅት ወቅት አንድ የሉኪሚያ ሴል ሳይታወቅ ካሩ ተጫነባት። ካሩ በራሷ ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ19 ያዘና ሸፈነው፤ ካር-ቲው ሊያያት አልቻለም፤ በሽታው በዚያች አንዲት ሴል ዘር ተመለሰ። ያ የሆነው ቲ-ሴል ተለይቶ በሚዘጋጅበት ክፍል ነው። በሰውነት ውስጥ ግን ማጣሪያ የለም፤ ያለው አጥር ቬክተሩ የሚይዘው ምልክት ብቻ ነው።

ስለዚህ የቬክተሩ ገጽ እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ። በሰፊው የሚታወቀው ቪኤስቪ-ጂ ልባስ የሚገባው በኤልዲኤል ተቀባይ በኩል ነው፤ ያ ተቀባይ በየሴሉ አለ፣ ጉበት ላይ በተለይ። ይህን መያዣ በሚውቴሽን አጥፍቶ በምትኩ ሲዲ3፣ ሲዲ7 ወይም ሲዲ8 የሚይዝ ክፍል መትከል አንዱ መፍትሔ ነው። የቢ-ሴል ሊምፎማ በተለምዶ ሲዲ7 የለውም፤ የአይኤንቲ2104 ምርጫ በዚህ በኩል ብልህ ነው። ተጨማሪ ቁልፍ ማድረግም ይቻላል፤ በቲ-ሴል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ፕሮሞተር (የጂን ማስነሻ)፣ ወይም በጉበት ሴል ውስጥ መልእክቱን የሚያጠፋ የማይክሮ-አርኤንኤ ምልክት።

---

ፍሎው_ክፍል

እኛ በኩል ለዚህ የምናደርገው፦ ቢ-ሴልን በሲዲ19 ብቻ አትለዩ፤ የተሸፈነውን ሴል በትክክል የምታጡት በዚያ ነው። በሲዲ22፣ በሲዲ79ቢ፣ በካፓና ላምዳ ለዩትና ከመካከላቸው ካር ያለበት ካለ ፈልጉ። ሊምፎማው ከተመለሰ ባዮፕሲው ላይ የቬክተር ፒሲአር ይሠራ።

---

ጠያቂዋ_ማሂ

ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን እየተከታተልኩ ነው። አንድ የሊምፎማ ታካሚ እንዲህ ዓይነት ሙከራ ውስጥ ለመግባት ምን ይታይበታል? የኤምአርኤንኤ ዓይነትም አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያ አይሻልም?

---

ነጭ_ሴል

ማሂ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤምአርኤንኤው በቅባት ናኖፓርቲክል ይገባል፣ ከክሮሞሶም ጋር አይዋሐድም። ካሩ ለጥቂት ቀናት ይታይና ሴሉ ሲከፋፈል እየሳሳ ይጠፋል። ለደኅንነት ግሩም ነው፣ ዶዝም መደጋገም ይቻላል፤ ለዚህ ነው ካፕስታንን የመሳሰሉት መጀመሪያ ለሉፐስ ዓይነት በሽታ የመረጡት፤ እዚያ ቢ-ሴልን አንዴ በደንብ መጥረግ ሊበቃ ይችላል። ሊምፎማ ግን አንድ ሴል ከተረፈ ይመለሳል፤ ለወራት የሚጠብቅ ካር-ቲ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የሊምፎማ ሙከራዎች ወደ ሌንቲቫይረስ ያዘነበሉት።

ለመግባት በተለምዶ የሚታየው፦ ሊምፎማው ከ2 መስመር ሕክምና በኋላ የተመለሰ ወይም ለሕክምናው ያልተበገረ መሆኑ፣ ራሱን ችሎ መንቀሳቀሱ፣ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት አቅም፣ የሊምፎሳይት ዝቅተኛ ቁጥር፣ አዲስ ባዮፕሲ። ባዮፕሲው ለይስሙላ አይደለም፤ ታካሚው እንደ ግሎፊታማብና ኤፕኮሪታማብ ያሉ ሲዲ20ን የሚይዙ መድኃኒቶች ከወሰደ በኋላ ሊምፎማው ሲዲ20ን ጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ሲዲ20 ከሌለው የሲዲ20 ካር ምን ይይዛል? ቤንዳሙስቲን በቅርብ የወሰደ ሰው ቲ-ሴሉ የደከመ ስለሆነ ያም ይጠየቃል።

የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ለመከላከል የሚወሰደውም ጭምር፣ ይጠየቃል። ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን የቬክተሩን ሥራ ያግዳሉ፤ ሌንቲቫይረሱ የሚጠቀመው ያንኑ ኢንዛይም ነው።

---

የሌሊት_ተረኛ

ማሂ፣ ሐበሻ ታካሚ ለሚያጅብ ሰው የምጨምረው አለ።

ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ደፊ የሚባለው የደም ምልክት ከቀይ ሴላቸው ላይ ስለሌለ እንጂ መቅኔያቸው ስለታመመ አይደለም። ሙከራው «ኒውትሮፊል ከ1,000 ወይም ከ1,500 በላይ» ካለ ጤነኛ መቅኔ ያለው ሰው በወረቀት ሊወድቅ ይችላል። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የነበረው የድሮ የደም ውጤት ካለ ይዞ መሄድና የደፊ ምርመራ ይሠራልን ማለት ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ የሄፓታይተስ ቢ የድሮ ምልክት። በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ኮር ፀረ እንግዳ አካሉ ይመርመር። ቢ-ሴል ሲጠረግ የተኛው ቫይረስ ይነሳል፤ ኤንቴካቪር አስቀድሞ ይጀመራል። ሦስተኛ፣ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል። ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ዴክሳሜታዞን ሲሰጥ ገላውን ሁሉ ይወርራል። በደም ይመረመራል፣ በአይቨርሜክቲን ይታከማል። ይህን ሐኪሙ ካልጠየቀ ቤተሰቡ ያንሳው።

ከመርፌው በኋላ ደግሞ አንድ አስደንጋጭ ነገር አለ። ሌንቲቫይረስ ከኤችአይቪ ጋር የሚመሳሰል አጭር የጂን ቁራጭ አለው፤ አንዳንድ የኤችአይቪ የጂን ምርመራ «አለበት» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ለቪዛም ለሥራም ደም ሲሰጥ ይህን የሚገልጽ ካርድ ኪሱ ይኑር። ደምና የአካል ክፍል መለገስም ከዚያ በኋላ የለም።

---

ቡና_ደገመ

የረጅሙን ክትትልም አንርሳ። የአሜሪካው ኤፍዲኤ በጥር 2024 ለካር-ቲዎች ሁሉ የቲ-ሴል ካንሰር ማስጠንቀቂያ አስደረገ፤ እስከ 2023 መጨረሻ ከ27,000 በላይ ዶዝ ተሰጥቶ 22 ጉዳይ ተመዝግቦ ነበር። ጥቂት ነው። ሆኖም እዚያ ጂኑ የተጫነባቸው ሴሎች የታወቁ ናቸው፤ እዚህ ቬክተሩ የት የት እንደገባ በሙሉ አናውቅም። ክትትሉ 15 ዓመት ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት ቢያንስ በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ የቬክተር ምርመራ። ከሴሎቹ 1 በመቶ ወይም በላይ ቬክተር ከተገኘባቸው የተዋሐደበት ቦታ ይጠና፣ አንድ ዘር እየገነነ እንደሆነ ይታይ። ራሱን ማባዛት የሚችል ቫይረስ መኖሩም በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ይመረመራል።

---

ቀመር_ወዳድ

ምላሹን የምትለኩበት ቀንስ? በ28ኛው ቀን ፔት-ሲቲ (ንቁ ሴል ያለበትን ቦታ በብርሃን የሚያሳይ ምስል) አንሥቶ መወሰን ልማድ ሆኗል። ጫፉ በ18ኛው ቀን ከመጣ በ28ኛው የሚታየው ብርሃን እብጠት ይሁን የተዋጊ ሴል ግርግር አይለይም።

---

ነጭ_ሴል

እውነት ነው። በተለመደው ካር-ቲም በ1ኛ ወር ከፊል ምላሽ የነበራቸው በኋላ ወደ ሙሉ የተቀየሩ አሉ። በ28ኛው ቀን ዶቪል (የምስሉን ብርሃን ከ1 እስከ 5 የሚመዝን መለኪያ) 4 ከሆነ፣ ታካሚው ካልባሰበትና ካር-ቲው በደም እየጨመረ ከሆነ፣ አዲስ ሕክምና ሳይጀመር በ3ኛው ወር ይደገም። ዶቪል 5 ከሆነ ወይም አዲስ ቦታ ካበራ ባዮፕሲ ይወሰድ፤ ባዮፕሲው ላይ ደግሞ ፍሎው ክፍል ያለው የቬክተር ፒሲአር ይታዘዝ።

---

ፍሎው_ክፍል

ባዮፕሲውን በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱት። ግማሹ ትኩስ ይምጣልን፣ በበረዶ ላይ፣ በዚያው ቀን።